አስተርጓሚው ያስቀረው ቃል

ራህመት ወደ ዘጠነኛ ቢ በተዛወረችበት ቀን፣ መምህሩ ታደገ በሩን ከፍቶ ሲገባ ብድግ ብላ ቆመች። ሌሎቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ገሚሱ ጃኬቱን አላወለቀም፣ ገሚሱ ከጠረጴዛው ሥር ስልኩን ይነካካል። እሷ ብቻ ቆማ ሒጃቧን ከአገጯ ሥር ታበጃለች። ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ተዛመተ።

«እንደምን አደሩ ቲቸር?» አለች በአማርኛ።

ታደገ በዚህ ስም ከተጠራ ዓመታት አልፈዋል። ሻሸመኔ ሒሳብ በሚያስተምርበት ዘመን በገበያውም በጸሎት ቤቱ ደጃፍም መጠሪያው ይኸው ነበር። ኖርዌይ ግን ተማሪ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠራው፤ እሱንም ልጆቹ አሳጥረው «ታዴ» ይሉታል።  አፉም ሊመልስላት ተከፍቶ ነበር። ግን የክፍሉ ዓይን ሁሉ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያዩ ምን እንደሚል ይጠብቃሉ።

«እዚህ መቆም አያስፈልግም፣ ተቀመጪ» አላት በኖርዌጅኛ። ከዚያም በሩ ላይ ወደለጠፈው ወረቀት እያመለከተ፣ «በዚህ ክፍል የምንነጋገረው በኖርዌጅኛ ብቻ ነው» ሲል ጨመረ።

ራህመት ያንን ያህል ኖርዌጅኛ ታውቃለች። ከኮምቦልቻ ከመጣች ወዲህ ኦስሎ ውስጥ ሮመን በሚባል ሰፈር ባለው በዚሁ ትምህርት ቤት፣ አዲስ መጤ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ስትማር ከርማለች። ተቀመጠች። ፊቷ ግን ማረፊያ አጣ፤ መጀመሪያ ወደ ሰሌዳው፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ፣ በመጨረሻ ወደ ገዛ ጣቶቿ ዞረ።

ታደገ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወደዚህ ክፍል የመጣበት መንገድ ረጅም ነበር። ኦስሎ እንደገባ ማዘጋጃ ቤቱ የሚረዳቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞረ ሲያጥብና መድኃኒት ሲያውጥ ኖሮ፣ ማታ ማታ እየተማረ ነው የመምህርነት ወረቀቱን እንደገና ያገኘው። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ወላጅ «የመምህሩ አነጋገር ለልጄ አይገባትም» ብላ ቅሬታ አቀረበች። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ጉዳዩን በጨዋነት ነው የነገረው፤ ቡናም ቀድቶለታል። ታደገ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገ በክፍል የሚለውን ዛሬ ሮምሶስ ሰፈር ካለው አፓርታማው ውስጥ እየተንጎራደደ ጮክ ብሎ ይለማመዳል። ግድግዳው ካልሆነ የሚሰማው የለም።

አማርኛ ላለመናገሩም ምክንያት ነበረው። ለሶማሌው፣ ለታሚሉ፣ ለፖላንዱ ልጅ በቋንቋው የሚያናግር መምህር የለም። ለአንዷ ብቻ ቢያናግር አድልዎ አይሆንም? ይህን ለራሱ ደጋግሞ ይነግረዋል፣ ነገሩም እውነትነት አለው። ከሥሩ ግን ፍርሃት ተኝቷል፦ «ያ ጥቁሩ መምህር የራሱን ሰዎች ሰብስቦ በራሱ ቋንቋ ያወራል» እንዳይባል።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ራህመትን ሰሌዳ ላይ አወጣት። ማካፈል ነበር። ልጅቱ ጠመኔውን ተቀብላ፣ ከተካፋዩ ቁጥር ራስ ላይ እንደ ጣራ መስመር ሰርታ፣ አካፋዩን በግራ በኩል አስቀምጣ፣ ታች ታች እያወረደች አካፈለች። መልሱ ትክክል ነበር። የኖርዌይ ልጆች ግን ማካፈልን በሁለት ነጥብ ጽፈው፣ መልሱን ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ነው የሚደረድሩት፤ ስለዚህ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ተንጫጩ።

«እኛ እዚህ እንዲህ አንጽፍም» አለ ታደገ፣ በእጅጌው ጠርጎም አጠፋው።

ከጠረገው በኋላ ነው ያጠፋውን ያወቀው። ያንን ጣራ ሻሸመኔ ለስንት ልጅ አስተምሯል፤ «ጣራችሁን አቅኑ፣ ዝናብ ያስገባል» እያለ ያስቃቸው ነበር። ጃኬቱ እጅጌ ላይ የቀረውን ነጭ የጠመኔ ብናኝ በመዳፉ አራገፈ፤ አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲህ ራህመት ዝም አለች። መጥፎ ዝምታ አልነበረም፤ አልረበሸችም፣ አላረፈደችም። ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ትወጣለች። ምሳ ሰዓት ከጃኬት መስቀያው አጠገብ ብቻዋን ትበላለች። ታደገም ከመምህራኑ ክፍል ጥግ ላይ፣ ስለ በረዶ ሸርተቴና ስለ ገጠር ጎጆ ቤቶቻቸው በሚያወሩ ባልደረቦቹ መካከል ዳቦውን ይገምጣል። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ቋንቋ በሆዳቸው ይዘው፣ ሳይነጋገሩ መከሩን አሳለፉት።

በኖቬምበር የዘጠነኛ ክፍሎች ኃላፊ የሆነችው ቶሪል የራህመትን ጉዳይ ስብሰባ ላይ አነሳች። ቶሪል ቀጥተኛ ግን ሩኅሩኅ ሴት ናት። «በየትኛውም ትምህርት አትናገርም። ቸኩለን አዛውረናት ይሆናል። ወደ አዲስ መጤዎች ክፍል ብንመልሳትስ?»

«መጀመሪያ እሷን እንጠይቃት» አለች የኖርዌጅኛ መምህሯ።

ተስማሙ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስለሆነ ታደገ መገኘት ነበረበት። ቶሪል ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «አስተርጓሚ በስልክ አስይዣለሁ። አንተ ቋንቋውን እንደምትችል አውቃለሁ፤ ግን መምህሯ ነህ። መምህርም አስተርጓሚም መሆን አይፈቀድም» አለችው።

«ያ፣ ያ፣ ልክ ነው» አለ ታደገ፣ የኖርዌጅኛውን «አዎ» እየደገመ። ትንፋሹ ሲመለስለት ታወቀው፤ በመመለሱም አፈረ።

ውይይቱ የተደረገው መስኮቷ ወደ ግቢው በሚያሳይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ገና ከሰዓት ነው፤ ውጭው ግን ጨልሞ የግቢው መብራት በርቷል። ቶሪል ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አስተርጓሚው ጎልማሳ ሰው ይመስላል። የተባለውን ሁሉ እንደሚተረጉም፣ እንደማይጨምር፣ እንደማይቀንስ፣ ምስጢር እንደሚጠብቅ በሁለቱም ቋንቋ ተናገረ።

«ራህመት» አለች ቶሪል፣ «ክፍል ውስጥ የማትናገሪው ለምን እንደሆነ ብትነግሪን ደስ ይለናል። የምትቀጪበት ነገር የለም።»

አስተርጓሚው ይህን አሳምሮ ተረጎመው። ራህመት ታደገን አላየችውም፤ ስልኩን እያየች፣ ስልኩ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ ጀመረች።

«መጀመሪያ ቀን ተናግሬ ነበር። መምህራችን አማርኛ ያውቃሉ። ሰላም ስላቸው በነሱ ቋንቋ መለሱልኝ፣ እንዳላወቁኝ ሆኑ። እኔ... የማያውቀኝ ሰው ቢዘጋኝ ምንም አልል። ፈረንጆቹ ቢዘጉኝ አይገርመኝም። የሚያውቀኝ ሰው ሲዘጋኝ ግን ድምፄ ራሱ ጠፋብኝ። ሰሌዳ ላይ የሠራሁትንም አጠፉብኝ። ልክ ነበር እኮ።»

 አስተርጓሚው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ «አንቺ ልጅ፣ እሳቸው እዚያው አጠገብሽ ተቀምጠው የለ? ስለ መምህር እንዲህ አይባልም፣ ነውር ነው። እንዲህ ሆነሽ ነው ያደግሽው?» አላት። ቀጥሎ ወደ ኖርዌጅኛው ተመለሰና በጥሩ ድምፅ፣ «ቋንቋው ከብዷታል። ጊዜ ስጡኝ ትላለች» አለ።

ቶሪል ራሷን ነቀነቀች። «ይገባኛል» ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ታደገ ሁሉንም ሰምቷል። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ውለታ የዋለለት እንደመሰለው ገባው፤ ያገሩን ሰው ገመና ከፈረንጅ ፊት መሸፈኑ ነው። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ልጅቱ ወደ አዲስ መጤዎች ክፍል ትመለሳለች፣ እሱም ነገ በበሩ ሲገባ የሚጨንቀው ዓይን አይኖርም። በዚያች ክፍል ውስጥ ራህመት ያለችውን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

ቀና ሲል ልጅቱ እያየችው ነው። አልተለማመጠችውም፣ አልተቆጣችም። ከእሱ ምንም የማይጠብቅ ሰው ዓይን ነበር።

«አይደለም» አለ ታደገ በኖርዌጅኛ። «እንዲህ አላለችም።»

የቶሪል እስክሪብቶ በአየር ላይ ቀረ።

«ያለችው ስለ እኔ ነው። እተረጉመዋለሁ፤ ደንቡ ባይፈቅድም።» ከዚያም አንድ በአንድ ተናገረው፤ ሰላምታውን፣ እንዳላወቀ መሆኑን፣ የጠፋውን ድምፅ፣ የተጠረገውን ሰሌዳ። ለዓመታት ሲሞርደው የኖረው አነጋገሩ በዚያች ሰዓት ከዳው፤ ቃላቱ ተደነቃቀፉ፣ አናባቢው ሁሉ የሻሸመኔ ሆነ። «ድምፄ ጠፋብኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ የኖርዌጅኛው ቃል ራቀበትና በእጁ ጉሮሮውን አሳየ።

«ይሄ እውነት ነው?» አለች ቶሪል።

«ያ። እውነት ነው።»

ከስልኩ ውስጥ «እኔ ለልጅቱ አስቤ ነው...» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቶሪል ዝም በል እንደማለት እጇን ስልኩ ላይ ዘርግታ፣ ወደ ራህመት ዞረች። ኖርዌጅኛውን እያዘገመች፣ «ወደ ድሮው ክፍልሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«ናይ» አለች ራህመት፣ ራሷ በኖርዌጅኛ «አይ» ብላ። የቀረውን በአማርኛ ጨረሰችው። «እዚሁ መሆን ነው የምፈልገው። ግን እንደ ወንበር አይደለም።»

አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ «እንደ ወንበር አይደለም» የምትለዋን እንኳ ሳያስቀር ተረጎመ።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ቶሪል ወደ ቢሮዋ ሄደች፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ታደገ በአማርኛ፣ «ራህመት፣ በድዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ልጅቱ ቦርሳዋን በትከሻዋ አስተካከለች። «ለአባዬ ነግሬው ነበር እኮ» አለች። «መምህሬ ያገራችን ሰው ናቸው ብዬ። አውቶቡስ ነው የሚነዳ፤ ደስ ብሎት ለሾፌሮቹ ሁሉ አወራላቸው። ማታ ሲገባ ‘መምህርሽ እንዴት ናቸው?’ ይለኛል። ‘ደህና ናቸው’ እለዋለሁ።»

ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችም። «አውቶቡሴ እንዳያመልጠኝ» ብላ ሄደች።

ታደገ በምድር ባቡሩ ተሳፍሮ ሮምሶስ ወረደ። ከዓለት ውስጥ ከተፈለፈለው ጣቢያ እየወጣ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት እየወጣ፣ ስንት ልጅ ምላሱን እንዳስዋጠ ያስብ ጀመር። ማሰቡ ቤቱ ድረስ ተከተለው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ስልኩን አንስቶ ትሮንድሃይም ለምትማረው ለልጁ ለመቅዲ ደወለ።

መቅዲ ሕፃን ሳለች፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ «ልጅቷ ግራ እንዳይገባት ቤትም ኖርዌጅኛ ብትናገሯት ይሻላል» ብላ መክራው ነበር። ታየች የምትባለው እናቷ አልሰማቻትም፤ እሱ ግን ሰማ። ኋላ እሱና ታየች ሲለያዩና ታየች በርገን ስትሄድ፣ ልጅቱ ከእሱ ጋር ቀረች። በኖርዌጅኛ አሳደጋት። በኖርዌጅኛ ቀልድ አያውቅም፣ ተረት አያውቅም፣ ሲቆጣ እንኳ ከመጽሐፍ የሚያነብ ይመስላል። ልጁ የምታውቀው አባት እንዲህ ያለው ነው።

«መቅዲዬ፣ እንደምን ዋልሽልኝ?» አላት በአማርኛ።

 መቅዲ በድንጋጤ፣ በኖርዌጅኛ፣ «ፓፓ? ማን ሞተ?» አለች።

በስልክ አማርኛ ያናገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አያቷ ያረፈ ዕለት።

«ማንም አልሞተም» አለ፣ ወደ ኖርዌጅኛው እየተመለሰ። «እንዲሁ ላናግርሽ ፈልጌ ነው።»

«አስደነገጥከኝ እኮ! ፈተና ላይ ነኝ። እሁድ እደውልልሃለሁ፣ እሺ?»

«እሺ» ያለችው በአማርኛ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ታደገ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ በሩ ላይ የነበረውን ወረቀት ላጠው። ልጆቹ አዩት። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ዛሬ የምጠይቃችሁ ሒሳብ አይደለም» አለ። «እኔ በዚህ ክፍል ውስጥ ሰዎች ዝም እንዲሉ ሳደርግ ቆይቻለሁ። መቼ መቼ እንደሆነ ግን ሁሉንም አላውቅም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ንገሩኝ።»

 አንዱ ሳል ሳለ፣ ሌላው ወንበሩን ሲጢጥ አደረገ። ታደገ ጸጥታውን በንግግር ሊሞላው ምላሱን በላው፤ ታገሠ።

«እኔ በፖላንድኛ ነው የምቆጥረው» አለ በመጨረሻ ፓቬል የሚባለው ቀጭን ልጅ። «ወደ ኖርዌጅኛ ቀይሬ እስክጨርስ አንተ ሌላ ሰው ጠይቀሃል። ሁልጊዜ።»

«ቃል ስትሳሳት ትደነግጣለህ» አለች ሌላዋ። «አንተ ስትደነግጥ እኔም እደነግጣለሁ።»

ሳቅ ሆነ፤ ታደገም ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ መጡ፤ ታደገ ስሙን ሁልጊዜ አሳስቶ የሚጠራው ልጅ፣ በረመዳን ከምሳ በኋላ ሰሌዳ ላይ መውጣት የሚከብደው ልጅ። ከሁሉም በኋላ ኢንግሪ እጇን አወጣች። ኢንግሪ ወላጆቿ ኖርዌጅያውያን የሆኑ ልጅ ናት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ እሷ ያሉት ጥቂት ናቸው።

«እኔ ዝም የምለው በዕረፍት ሰዓት ነው» አለች ጠረጴዛዋን እያየች። «ሁላችሁም ሌላ ቋንቋ አላችሁ። እኔ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ደወሉን እጠብቃለሁ።»

ይህን ታደገ ጨርሶ አላሰበውም ነበር። ሌሎቹም አላሰቡትም።

ያን ቀን ደንቡን አብረው አወጡት። ጥያቄው ሲሰጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ይመካከራሉ፤ ከዚያ ለማያውቀው በኖርዌጅኛ ያስረዳሉ፤ ብቻውን የሚቀመጥ ግን አይኖርም። ሶማሌዎቹ ከሶማሌዎቹ፣ ታሚሎቹ ከታሚሎቹ ሲቀናጁ፣ በቋንቋዋ አጣማሪ ያጣችው ራህመትና አጣማሪ ያልቀረላት ኢንግሪ አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አላማረም። ገሚሱ ነፃነቱን ለእግር ኳስ ወሬ አዋለው፤ የጎረቤት ክፍል መምህር ግድግዳውን ደበደበ። ራህመትና ኢንግሪም በሥዕልና በጣት ነበር የሚግባቡት። አንድ ቀን ግን ራህመት ራሷ ተነስታ ሰሌዳው ላይ ወጣች። ጣራዋን ሠራች፣ ታች ታች እያወረደች በተሰባበረ ኖርዌጅኛ ማስረዳት ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቃል አጥታ ቆመች። ታደገ ቃሉን ያውቀዋል፤ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ።

«ቀሪ» አለች በአማርኛ፣ ታች የተረፈችውን ቁጥር በጣቷ እየመታች። «ቀሪ! ያልተካፈለው!»

«ሬስት!» ብሎ ቃሉን በኖርዌጅኛ ጮኸ ፓቬል።

«ያ! ሬስት!»

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የተረፈ ነገር ሁሉ፣ የተረፈ ዳቦም ቢሆን፣ «ቀሪ» ተባለ። ቶሪል መጥታ ከኋላ ተቀምጣ አየች። ወደ አዲስ መጤዎች ክፍል መመለስ የሚባለው ወሬም ቀረ።

ታደገ ራህመት አንድ ቀን ወደ እሱ መጥታ በአማርኛ የምትጫወት፣ ስለ ኮምቦልቻ የምትነግረው መስሎት ነበር። ደጋግሞ ጠበቃት። ትምህርት ካለቀ በኋላ ሰሌዳውን ቀስ እያለ ያጠፋል፣ በሩ ላይ ይዘገያል። እሷ ግን አልመጣችም። ስታገኘው በጨዋነት ሰላም ትለዋለች፤ በአማርኛ ሲጠይቃት በአማርኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ያንን የመጀመሪያ ቀን አልረሳችውም፣ ወይም ደግሞ የማያስፈልጋት ሆኗል። ኢንግሪ አለቻት። ሌሎችም አሏት። የትኛው እንደሆነ ታደገ አልጠየቀም፤ የመጠየቅ መብት ያለው አልመሰለውም።

በረዶው ሟሙቶ የበርች ዛፎቹ ቅጠል ሲያወጡ፣ ክፍሉን ከሮምሶስ በላይ ወዳለው ጫካ፣ እዚያ ወዳለ ሐይቅ ዳር ወሰደው። ልጆቹ ሁለት የመጥበሻ እሳት አነደዱ፤ አንዱ ለሐላል ቋሊማ፣ አንዱ ለሌላው። ጭሱ ወደ ውኃው ተነዳ። ራህመት ሒጃቧን ወደ ኋላ አስራ፣ ከኢንግሪና ከሦስት ሴት ልጆች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በፈጣን ኖርዌጅኛ ስለ አንድ ነገር ትከራከራለች። ሲያሸንፏት እንኳ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

ታደገ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ከልጆቹ አንዱ ቋሊማ በዳቦ አምጥቶ ሰጥቶት ወደ ጓደኞቹ ሮጠ። በላ። ወሬያቸውን ሰማ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረብ ስንት ቋንቋ እንደነበረ መለየት አልቻለም። ማንም አልጠራውም፤ እንዲጠሩትም የሚያደርግ ምክንያት አልነበረም። መቅዲ ደውላ እንደሆነ ስልኩን አውጥቶ አየ፤ አልደወለችም፤ መልሶ ከተተው።

ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ስትዞር እሳቱን በሐይቁ ውኃ አጠፉና ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ልጆቹ እየተገፋፉ ቀደሙ። ታደገ አመዱን በጫማው ረግጦ መጥፋቱን አረጋገጠ፤ የተረሳ ቦርሳ እንዳለ ዙሪያውን አየና፣ ከሁሉም ኋላ ወረደ።